ሣሩ ከመምጣቱ በፊት

እህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆትሽ ግን አልተቻለም።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ዓመት አለፈ። መልስ ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ መሰለሽ። ነገ፣ ነገ ስል ወር ሆነ። ወሩ ሲበዛ ደግሞ ሐፍረት ያዘኝ፤ ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ጭራሽ ጠፋሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ቤት ስትሠሪ፣ ስትገቢ፣ አንድ ቀን እንኳ "እንኳን ደስ አለሽ" አላልኩሽም። ይቅር በይኝ።

አሁን ያስነሳኝ ሰሞኑን የላክሽልኝ የግቢሽ ፎቶ ነው። ቤቱ አምሯል። ዓይኔ ግን ፊት ለፊት ባለው ባዶ መሬት ላይ ቀረ። ከፎቶው ጋር የጻፍሻትን ደጋግሜ አነበብኳት፤ "እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ሣር አስመጥቼ ላለብሰው ነው፤ በአንድ ቀን አረንጓዴ ይሆናል ብለውኛል።" አልዋሹሽም። በአንድ ቀን አረንጓዴ ይሆናል። ጭንቁ ከወር በኋላም አረንጓዴ ሆኖ መገኘቱ ላይ ነው። እኔ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁና አንቺን ዝም ብዬ ላይሽ አልቻልኩም።

እኔ ሣሩን ያዘዝኩት መሬቱን ሳልነካ ነው። ይመጣል፣ እዘረጋዋለሁ፣ በቃ ብዬ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት መጣ። መሬቱ ገና ድንጋይና ጉድጓድ ነበር። ስለዚህ ጥቅሎቹን አጥር ጥግ ደራርቤ አስቀመጥኳቸው፤ እንዳይደርቁ ብዬም ላስቲክ አለበስኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት ላስቲኩን ስገልጥ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። መሐል ወዳለው ጥቅል እጄን ሰደድኩ። ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ይመስላል። ስተረትረው የውጭው ዙር አረንጓዴ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ቢጫ፣ እምብርቱ ጋ ደግሞ ቡናማና የሚያዳልጥ። ጠረኑም ተለውጧል። ግማሹን አውጥቼ ጣልኩት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳዝነኛል።

ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። ሣር ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ሙቀት ያወጣል። ሜዳ ላይ ሙቀቱን ነፋስ ይወስደዋል። ተጠቅልሎ ሲደራረብ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ሣሩም በራሱ ሙቀት ይቀቀላል። ላስቲኩ ደግሞ አባባሰው። በሞቃት ወቅት ከእርሻው በተቆረጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ተነጥፎ ማለቅ አለበት። ቀዝቀዝ ሲል ትንሽ ይታገሣል፤ እኔ ግን ያኔም ቢሆን አላሳድረውም።

እና ልመናዬ ይህ ነው፦ መሬቱ ተቆፍሮ፣ ተስተካክሎ፣ ሳያልቅ ሣር አትዘዢ።

ጥቅል ሣር እኮ ስታዪው ሙሉ ነገር ይመስላል። ይዞት የሚመጣው አፈር ግን ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ማሽኑ ከእርሻው ሲልጠው አብዛኛው ሥሩ እዚያው ይቀራል። ቅጠሉ ሙሉ፣ ሥሩ ግን የተቆረጠ ሆኖ ነው ደጅሽ የሚደርሰው። አዲስ ሥር የሚያወጣው አንቺ ባዘጋጀሽለት አፈር ላይ ነው። አፈሩ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ሥሩ ወዴት ይሄዳል? እላዩ ላይ ይንከላወስና የመጀመሪያው ድርቅ ይጨርሰዋል።

ያንቺ መሬት ደግሞ ግንባታ የከረመበት ነው። ግንበኞች ሲወጡ የተረፈው ሲሚንቶ፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ሚስማር፣ ሁሉም አፈር ይመለስበታል። ከላይ ሲታይ ደልዳላ መሬት ነው። ዶማ አስገቢና እዪው። መኪናና ሰው የረገጠው አፈር ታምቆ ይጠብቅሻል። ስባሪውን ለቅመሽ አውጪ። አረሙንና አሮጌውን ሣር ከነሥሩ ንቀዪ። ከዚያ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረሽ አላልተሽ፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበሰለ ኮምፖስት አልብሰሽ ከአፈሩ ጋር አዋህጂው። እላዩ ላይ ነስንሶ መተው አይበቃም። የሁለቱ አፈር ጠባይ በጣም ሲለያይ ውሃውም ሥሩም ድንበሩ ላይ ይቆማል።

አፈሩ ጭቃ ሆኖ ግን አትቆፍሪ። አንድ እፍኝ ጨብጠሽ ልቀቂው። በጣት ስትነኪው ከፈረሰ ጥሩ ነው። እንደ ሸክላ ከተጣበቀ ጥቂት ቀን ጠብቂ። እርጥብ ሆኖ የተቆፈረ አፈር ሲደርቅ ጓል ይሆናል። ከቻልሽ አፈሩን አስመርምሪ፤ ሣር የሚስማማው ፒኤች የሚባለው የአፈሩ አሲዳማነት መለኪያ ከ6 እስከ 7 ሲሆን ነው። ማዳበሪያም በምርመራው ውጤት ቢሆን ይሻላል።

ስታስተካክዪው ሁለት ነገር አትርሺ። አንደኛ፣ መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል፤ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ካልሆነ ዝናቡ መሠረትሽ ጋ ይተኛል። ሁለተኛ፣ ከእግር መንገዱ ጠርዝ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ ይጨረስ። የሣሩ ውፍረት ሲጨመርበት እኩል ይመጣል። ከዚያ ውሃ አጠጪውና ይርጋ። በማግስቱ ሂጂበት። ጫማሽ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከሰመጠ ገና ነው፤ እንደገና ጠቅጥቀሽ ሙዪው። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ማንም አያይልሽም። ግን እመኚኝ፣ የሣሩ ዕድሜ እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው።

በፎቶው ላይ አጥሩ ጋ አንድ ትልቅ ዛፍ አየሁ። ከሥሩ ሣር ለማልበስ አትድከሚ። አብዛኛው ሣር በቀን ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ቤርሙዳ የሚባለው ደግሞ ጥላ ጨርሶ አይወድም። ፌስኪው የሚባለው ዓይነት ጥላን የተሻለ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ጨለማ ውስጥ አይኖርም። ሻጩን የሣሩን ዓይነት በስሙ ጠይቂው። ለቁርጥራጭ የሚሆን ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምረሽ እዘዢ፣ ጠዋት እንዲያደርሱልሽም ተነጋገሪ።

የዕለቱን ነገር ልንገርሽ። መሬቱን ቀድመሽ ትንሽ አርጥቢው፤ ጭቃ ግን አይሁን። በረጅሙ ቀጥ ያለ መስመር ጀምሪ፤ ላንቺ የእግር መንገዱ ይመቻል። ከዚያ ግንበኛ ብሎኬት እንደሚደረድር አድርጊው። የአንዱ መጋጠሚያ በሌላኛው ወገብ ላይ ይዋል። ጫፍና ጫፉ ጥብቅ ብሎ ይግጠም፤ አይደራረብ፣ እንዲደርስልሽ ብለሽም አትወጥሪው። የተወጠረ ሣር ሲደርቅ ይሸበሸባልና በየመሐሉ ክፍተት ይተዋል። ትንንሽ ቁራጮችን ዳር ላይ አታድርጊ። ዳር ቶሎ ይደርቃል። ቁራጩን መሐል አስገቢው፣ ዳሩን ባልተቆረጠው ዝጊው። የምትቆርጪበት ቢላ ስለት ያለው ይሁን። የተነጠፈው ላይ በጉልበትሽ አትንበርከኪ፤ ጣውላ አንጥፈሽ እሱ ላይ ሁኚ።

ሲያልቅ አጠጣዋለሁ እንዳትዪ። አንዱን ክፍል አንጥፈሽ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ ይድረሰው። አንድ ሰው የውሃ ጎማ ይዞ ከኋላሽ ይከተልሽ። ከጨረስሽ በኋላ ሮለር፣ ማለትም እየተንከባለለ የሚጫን ከባድ በርሜል፣ ካገኘሽ አንዴ አስኪጂበት። ሣሩና አፈሩ መሐል አየር ከቀረ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት እንደ አራስ ቤት ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ውሃው ሣሩን አልፎ ከታች ያለውን አፈር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ማራስ አለበት። መድረሱን በምን ታውቂያለሽ? ማዕዘኑን አንሺና እዪ። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ስደጂ። ከላይ የረጠበ ሣር ከታች አቧራ ሆኖ ስንት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ በየቀኑ፣ በጣም ሲሞቅም በቀን ሁለቴና ከዚያ በላይ፣ እርጥበቱን ጠብቂለት። ግን አይተኛበት። ስትረግጪው ጭቅ ጭቅ ካለ በዝቷል፤ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። በተለይ ግድግዳና ሲሚንቶ ጥግ ያለውን እዪው። ሲሚንቶው ሙቀት ስለሚይዝ እሱ ነው ቶሎ የሚጠማው። ሣር ሲጠማ ይናገራል፤ አረንጓዴነቱ ወደ ግራጫ ሰማያዊ ያደላል፣ የረገጥሽበት ኮቴም ቶሎ አይነሣም።

ሁለተኛ ስሞክር በአሥረኛው ቀን ጠዋት ወጣሁ። ጠል ነበር። ጥግ ላይ ያለችውን ማዕዘን ቀስ ብዬ አነሣሁ። ከታችዋ ነጫጭ ክሮች ወጥተዋል። ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ግማሾቹ አፈሩ ውስጥ ገብተው ስለያዙ ሳነሣት ጠጠት የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው መለስኳትና በመዳፌ ተጫንኳት። እዚያው ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ። ያን ጠዋት አንቺ ብትኖሪ ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ ያኔ መጻፍ ነበረብኝ።

ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ሣሩን በእጅሽ ጨብጠሽ ሳብ አድርጊው። እምቢ ካለሽ ይዟል። ከዚያ በኋላ የውሃውን ቀን አራርቂ፣ መጠኑን ግን ጨምሪ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ሣር ሥሩን ወደ ታች አይሰድም፤ ምን ቸግሮት! ቆይቶ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በጠቅላላው ከዝናቡ ጋር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ባዶ ጣሳ ሣሩ ላይ አስቀምጪና የሚጠራቀመውን በማስመሪያ ለኪው። ጊዜው ማለዳ ይሁን። ማታ ካጠጣሽው ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ ፈንገስ ይወደዋል።

ማጨዱ ላይ አትቸኩዪ። ስትስቢው እምቢ ማለቱን አረጋግጪ፣ ቁመቱም ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ይድረስ። ከማጨድሽ በፊት አንድ ሁለት ቀን ውሃ አቁሚና መሬቱ ይጠንክር፤ አለዚያ የማጨጃው ጎማ ይሰረጉድበታል። የማጨጃው ምላጭ ይሳል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትንኪ። የታጨደው እዚያው ይቅር፤ ብስብስ ብሎ መልሶ ይመግበዋል። ማዳበሪያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። የአረም መድኃኒት ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ እስክታጭጂው አይንካው፤ ብቅ ያለውን በእጅሽ ንቀዪው።

የሚከብድሽ ልጆቹን መከልከሉ ነው። አውቃለሁ። ለነሱ ብለሽ የምታለብሺውን ነገር "አትርገጡ" ማለት አንጀት ይበላል። ግን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ብቻ ነው። ገመድ ዙሪያውን ወጥሪና ቀኑን አብራችሁ ቁጠሩ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ማዕዘኗን አንሥተሽ ሥሩን አሳዪያቸው። የኔዎቹ እሱን ካዩ በኋላ ጠባቂዎቹ እነሱ ሆኑ።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። የመሬቱን ርዝመትና ስፋት ለክተሽ ጻፊልኝ፤ ፀሐይ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያርፍበትም ጨምሪ። ስንት ጥቅል እንደሚያስፈልግሽ አስልቼ እልክልሻለሁ። ሻጩ ጋ ሳትደውዪ ቀኑን ንገሪኝ። ከዋዜማው እመጣለሁ። ቢላዬንና ጣውላዬን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ታነጥፊያለሽ፣ እኔ ጎማውን ይዤ ከኋላሽ እከተላለሁ።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ጓደኛሽ