የስዋስቲካው ምስል ይግባ ወይስ ይቅር?

ሰላም ውድ አባላት፣

ለአማርኛ ዊኪፔዲያ ስለ ናዚ ፓርቲ በምናዘጋጀው ጽሑፍ የስዋስቲካው ባንዲራ ይግባ ወይስ ይቅር የሚለውን እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት (20፡00) በዙም እንወስናለን። አብዛኞቻችን የምንኖረው ጀርመን ነው። በጀርመን ወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ መሠረት ምልክቱን በአደባባይ ማሳየት እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ለትምህርት፣ ለምርምርና ስለ ታሪክ ለመዘገብ ሲሆን ግን ሕጉ ይፈቅዳል።

እኔ ይግባ ባይ ነኝ። ልጆቻችን አይተው ካላወቁት እንዴት ይጠነቀቁታል? አሁን ግን ረቂቁን በስልክ ስከፍተው ቀዩ ባንዲራ ያለ አንድ መስመር ማብራሪያ ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል። ይሄ ልክ አይደለም። ወደ ታሪኩ ክፍል ወርዶ ከሥሩ መግለጫ ይጻፍለት።

ረቂቁን አንብባችሁ፣ የመግለጫ ሐሳብ ይዛችሁ ግቡ። የምትገኙም የማትችሉም እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ አሳውቁኝ።