የካናዳ ከርሊንግ ማኅበራት 13 ሳይሆኑ 14 ናቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ ዒላማ ውስጥ ስለሚያሳርፉበት ጨዋታ፣ ስለ ከርሊንግ፣ በስፖርት ገጻችሁ የወጣው ጽሑፍ ካናዳ 10 ክፍለ ሀገራትና 3 ግዛቶች ስላሏት 13 የከርሊንግ ማኅበራት አሏት ይላል። ስሌቱ ቢያምርም ቁጥሩ 14 ነው። ሰሜን ኦንታሪዮ ከቀሪው ኦንታሪዮ ተለይታ የራሷ ማኅበር አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1927 በተጀመረው የወንዶች ብሔራዊ ሻምፒዮና በብራየርም የራሷን ቡድን ታሰልፋለች። በከርሊንግ የማኅበርና የአገር ወሰን ሁልጊዜ አይገጥምም። ስኮትላንድ፣ እንግሊዝና ዌልስ በዓለም ፌዴሬሽኑ ለየብቻ አባል ናቸው፤ ኦሊምፒክ ሲደርስ ግን የሚቀርበው የታላቋ ብሪታንያ ቡድን ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የከበደን ሌላ ነው። ጽሑፉ ሁሉን ነገር ከብሔራዊው አካል ከከርሊንግ ካናዳ ጀምሮ ወደ ታች ያወርደዋል። ገንዘቡ የሚሄደው ግን ከታች ወደ ላይ ነው፦ ተጫዋቹ ለክለቡ ይከፍላል፣ ክለቡ ለማኅበሩ መዋጮ ያወጣል፣ የብሔራዊው አካል አባላትም እነዚሁ ማኅበራት ናቸው። ክለቡ በረዶ ከሌለው ከላይ ያለው ሁሉ ወረቀት ነው።

በረዶ ስንል ደግሞ «የሆኪ ሜዳ ይበቃል» የሚለው አባባል ያሳስታል። ለመጀመሪያ ያህል ይጫወቱበታል፣ አዎ። ነገር ግን ሸርተቴ የቧጨረው፣ ማሽን የላገው በረዶ ለዓይን ለጥ ያለ ይምሰል እንጂ እዚህም እዚያም ያዘነብላል፤ ድንጋዩም የወርዋሪውን እጅ ትቶ ተዳፋቱን ይከተላል። የከርሊንግ በረዶ ከተስተካከለ በኋላ ማዕድን የወጣለት ሞቅ ያለ ውኃ በጠብታ ይረጭበታል። ጠብታው ሲረጋ ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይጎረብጣል፤ የጉብታዎቹ አናት በስለት በስሱ ይላጋል። ድንጋዩ የሚሄደው በእነዚህ አናቶች ላይ ነው፤ ከሥሩ በረዶውን የሚነካውም ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ብቻ ነው። ጉብታው ካለቀ ከ17.24 እስከ 19.96 ኪሎ የሚመዝነው ግራናይት መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለ ድንጋዮቹ ማደሪያ ጽሑፉ ምንም አላለም። ለአንድ መጫወቻ መስመር 16 ናቸው፤ ባለ 4 መስመር ክለብ 64 ያስፈልገዋል። ከሞቀ ክፍል ወጥቶ ወዲያው በረዶ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ከሥሩ ያለውን አቅልጦ ክብ ጎድጓድ ያበጃል፤ ውኃው መልሶ ሲረጋም እዚያው ይጣበቃል። ስለዚህ ድንጋዮቹ ከጨዋታው በፊት በደንብ መቀዝቀዝ አለባቸው፤ ክለቦች በረዶው ዳር የሚያሳድሯቸውም ለዚህ ነው። ሆኪ ሜዳ የሚከራይ ክለብ ሜዳውን ከመዋዋሉ በፊት ቀዝቃዛ ማስቀመጫ ይኖር እንደሆነ ይጠይቅ።