ተልከሽ ሂጂ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽን ጉልበት ብርዱ ቢያስቸግረውም የማለዳ ጸሎቷን አላስቀረችም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት አለፈው። መልሱ የዘገየው ደጋግሜ እየጀመርኩ ስለተውኩት ነው።

«አባዬ፣ ጥሪው የመጣው ለእኔ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በምን መብት አንድ ዓመት ቆዪ ይሉኛል?» ብለሻል። ለወንጌል አገልግሎት ቻድ የሚወስድሽ ድርጅት ማመልከቻሽን ተቀብሎ የጉዞሽን ወር ከቆረጠ በኋላ፣ ያሳደገችሽ አጥቢያ «ገና ነው» ማለቷ አንገብግቦሻል። አልፈርድብሽም። በአንቺ ዕድሜ ብሆን እኔም እንዲሁ እጽፍ ነበር።

ግን አንድ ነገር እወቂልኝ። ጉዳይሽ በስብሰባ ሲነሣ እኔ ውስጥ አልነበርኩም። አባትነቴ ፍርዴን እንዳያጣምመው፣ ቤተ ክርስቲያንን ሰበብ አድርጌ ልጄን እንዳላስቀር ፈርቼ ወጣሁና ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆምኩ። ድምፃቸው በቆርቆሮው በኩል ይሰማኛል፤ የሚሉት ግን አይለይም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መጋቢያችን ወጥቶ እጄን ያዘና «አትሂድ አላልንም፤ እንላካት ነው ያልነው። ለመላክ ደግሞ እኛው ራሳችን አልተዘጋጀንም» አለኝ።

ለምን እንዲህ እንዳለ አንቺ አታውቂም፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበርሽ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከዚሁ አጥቢያ አንድ ወጣት ወደ ጎረቤት አገር ልከን ነበር፤ ያ መላክ ከተባለ። አንድ እሑድ መድረክ ላይ አቁመን ጋቢ አለበስነው። ስድስት ሽማግሌዎች እጃችንን ጫንንበት፤ ጮክ ብዬ የጸለይኩት እኔ ነበርኩ። ምእመኑ እልል አለ፣ ፎቶ ተነሣን። ሦስት ወር ድጋፉ በሰዓቱ ሄደለት። በአራተኛው ወር ለጣሪያው ጥገና ገንዘብ ሲያስፈልግ የእርሱ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ በሥርዓት የተከታተለው ሰው የለም። ወባ ይዞት ሁለት ሳምንት ብቻውን መተኛቱን የሰማነው ከተመለሰ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት አባቱ ዐረፉ። ለቅሶ ደርሰን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ እናቱ ወደ እኔ ዞረው «ለልጄ ማን ነገረው?» አሉኝ። እኔ ከጎኔ ያለውን ሽማግሌ አየሁ፤ እርሱ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን አየ። ማናችንም አልደወልንም ነበር።

በአሥረኛው ወር ተመለሰ። እንዴት ከረምክ ብሎ ያስቀመጠው፣ ያየውን እንዲናገር መድረክ የሰጠው አልነበረም። ጥቂት እሑዶች የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠና ቀረ። የልጁ ጥሪ እውነተኛ እንደነበር ዛሬም አልጠራጠርም። የጠፋው ላኪ ነው።

ጥሪሽን የሚጠራጠርም የለም። ጳውሎስ ጥሪውን በደማስቆ መንገድ ከጌታ ከራሱ ሰማ። እንዲያም ሆኖ ዓመታት አለፉ፤ በርናባስ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ፈልጎ ካመጣው በኋላ እንኳ በአንጾኪያ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስተምር ተቀመጠ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ላይ መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ ሲል የተናገረው አብረው ሲያገለግሉና ሲጾሙ ለነበሩት ነው። እዚያ በስም የተጠሩት ነቢያትና መምህራን አምስት ናቸው። ከአምስቱ ሁለቱን ሰጡ፤ ያውም ዋናዎቹን። ምዕራፍ 14 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለቱ ወደ አንጾኪያ ተመልሰው ጉባኤውን ሰብስበው እግዚአብሔር ያደረገውን ሁሉ ተናገሩ። ስለ ሽኝቱ ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፤ ስለዚህች መመለሻ ግን አንድም አላስታውስም። ያን ልጅ የነፈግነው ይህንኑ ነው።

የአገራችንንም ታሪክ አስቢው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ፍሬምናጦስ በልጅነቱ አክሱም ደርሶ በቤተ መንግሥት ያደገ፣ ሰዉንም አገሩንም የሚያውቅ ሰው ነበር። ለዚህች አገር ከእርሱ የተሻለ የተዘጋጀ ማን ይገኝ ነበር? ግን ራሱን በራሱ አልሾመም። እስክንድርያ ወርዶ አትናቴዎስን ጳጳስ ላክልን አለው፤ አትናቴዎስም እርሱኑ ሾሞ መለሰው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው ያንን ተልኮ የመጣውን ሰው ነው። የእናትሽ ወገኖች በወላይታ ያዩትንም አያትሽ ስታወራ ሰምተሻል። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የውጭ ሚሲዮናውያንን ሲያስወጣ እዚያ የቀሩት የተጠመቁ አማኞች 48 ገደማ ነበሩ፤ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ጠበቃቸው። ከእነዚያ አጥቢያዎች ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ወጡ። የላኳቸው እንደ እኛ ያሉ ገበሬዎችና ሽማግሌዎች ናቸው።

ድርጅቱን አልነቅፍም። የቪዛውን፣ የቢጫ ወባ ክትባቱን፣ የፈረንሳይኛና የዐረብኛ ትምህርቱን ነገር ከእኛ አሥር እጥፍ ያውቃል። አንቺን ግን አያውቅም። ስትከፊ ዝም እንደምትዪ፣ ከመዘምራኑ ጋር ተጋጭተሽ ስምንት ወር ሙሉ ሰላምታ እንደነሣሻቸው በማመልከቻው ላይ የሚሞላ ቦታ የለውም። ይህን የማነሣው ልወቅስሽ አይደለም፤ ታርቀሻል፣ ጌታ ይመስገን። ግን ሰውን ከአገልግሎት ቦታው ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ ከባልደረባ ጋር መኳረፍ ነው። ጳውሎስና በርናባስ እንኳ በማርቆስ የተነሣ ተለያይተዋል። እዚያ ሁለት ሦስት ሆናችሁ በአንድ ግቢ ስትኖሩ የሚያስታርቅሽ አክስት፣ ሮጠሽ የምትገቢበት ቤት የለም። ይህን እዚህ፣ ከሚያውቁሽ ሰዎች መካከል ሆነሽ ብትማሪው ይሻላል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልጨምር። ወተት የሚያመጡልን አዴ ስምንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በራችንን አንኳኩተዋል። አንቺ ጣሳውን ተቀብለሽ በአማርኛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትዪና ትመለሻለሽ። እርሳቸው በኦሮምኛ የሚመርቁሽን ምርቃት አንድ ቀን ምን ማለት ነው ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ይህን ስጽፍልሽ ነው ራሴን ያየሁት። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ «ልጄ ቋንቋችሁን መማር ትፈልጋለች፤ ታስተምሯታላችሁ?» አልኳቸው። ሳቁና በርጩማ አወጡልኝ። ቡና ሳልጠጣ አልለቀቁኝም። ኦሮምኛ ቻድ ላይ አይጠቅምሽም፤ በማታውቂው ቋንቋ እንደ ሕፃን እየተኮላተፍሽ፣ እየታረምሽ፣ በሌላ ሰው ምድጃ አጠገብ መቀመጥን ግን ያስለምድሻል።

ሽማግሌዎቹ ሥራሽን ልቀቂ አላሉም። ከአዳማ እስከ እኛ ቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜና እሑድ ትመጫለሽ፤ የቤት ኅብረት ትመሪያለሽ፤ ከመጋቢያችን ጋር ቃሉን ታጠኛለሽ። እኛም በዚሁ ዓመት የራሳችንን እንሠራለን። ሦስት ሰዎች ተመርጠዋል፤ ከሦስቱ አንዷ እንደ አንቺ ነርስ ናት። አንዱ የገንዘቡን፣ አንዱ የጸሎቱን፣ እርሷ ደግሞ የጤናሽንና የልብሽን ነገር ይይዛሉ። ለአንቺ የሚሰበሰበው በተለየ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ጣሪያ ቢያፈስም አይነካም ብለን በቃለ ጉባኤ ፈርመናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በዶላር ሲመነዘር ምን ያህል እንደወረደ ታውቂያለሽ፤ በብር የምንገባው ቃል እዚያ ስትደርሺ ምን ያህል እንደሚሆን አስልተን፣ የስድስት ወር መጠባበቂያ ሳንይዝ አንሸኝሽም። ባለፈው እሑድ መባ ስንቆጥር ከአስፋልቱ ዳር ጎመን የሚሸጡት እናት ገብተው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አንድ የተጨማደደ 50 ብር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይህ የልጅቷ ነው፤ ከሌላው ጋር እንዳትቀላቅሉት» አሉን። እኔ የአንቺ አባት መሆኔን እንኳ የሚያውቁ አልመሰለኝም።

እናትሽ ማታ ማታ ታለቅሳለች፤ አልደብቅሽም። ግን ሻንጣሽን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርዳ አቧራውን የጠረገችው እርሷ ናት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለዚያ ወጣት ሐሙስ ዕለት ደወልኩለት። ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ይቅርታ ነው የጠየቅሁት፤ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከአንቺ ጋር ተቀምጦ እንዲያወራ፣ እኛ ያጠፋነውንም ሳይሸፍን እንዲነግርሽ ለመንኩት። መልስ ከመስጠቱ በፊት «ስትሄድ በስንት ቀን ነው የምትደውሉላት?» ብሎ ጠየቀኝ። በየረቡዑ አልኩት። ማን እንደሚደውል ጠየቀኝ፤ የሦስቱንም ስም ነገርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት እቤት ይመጣል። አንቺም አርብ ማታ ብትገቢ ጥሩ ነው።

የሚወድሽ አባትሽ
ከቱሉ ዲምቱ