የማይጓዝ ዕቃ አይረሳም

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቻርጀር ቤት ቀርቶ፣ የመግቢያ ካርድ ቤት ቀርቶ፣ ላፕቶፕ ደግሞ ቢሮ አድሮ መንገላታትሽን ሰማሁ። «ዝንጉ ሆኛለሁ» ያልሽውን ግን አልቀበልም። ጥፋቱ የማስታወስ ሳይሆን የጉዞ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ስትመላለሺ አሥር ጉዞ ይሆናል፤ አምስት ዕቃ ከያዝሽ 50 ጊዜ «ይዤዋለሁ ወይ?» መባል አለበት። ከ50 አንዴ ቢዘለል ምን ያስደንቃል?

ስለዚህ የሚጓዘውን ዕቃ ቀንሺ። መጀመሪያ ቻርጀር። አንድ ተጨማሪ ግዢና አንዱ ቢሮ፣ ሌላው ቤት ይቀመጥ፤ ሁለቱም ከቦታቸው አይነሱ። ስትገዢ ዋቱን ተመልከቺ። የአሁኑን ቻርጀር ገልብጠሽ ብታዪው «አውትፑት» ከሚለው ቀጥሎ ቮልትና አምፔር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ሁለቱን ስታባዢ ዋቱ ይወጣል። 20 ቮልት በ3.25 አምፔር 65 ዋት ነው። መሰኪያው ዩኤስቢ ሲ፣ ማለትም በሁለቱም ገጽ የሚገባው ትንሹ ሞላላ ዓይነት ከሆነ ዋቱ ቢበልጥ አይጎዳም፤ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል። ካነሰ ግን ተሰክቶም ቢሆን ባትሪው እየወረደ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም። ኬብሉንም አትናቂው፤ ተራው ዩኤስቢ ሲ ኬብል 3 አምፔር፣ ማለትም እስከ 60 ዋት ነው የሚያሳልፈው። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ላፕቶፕ 5 አምፔር የሚችል ኬብል ያስፈልጋል። ሰው በኬብሉ ጥፋት ቻርጀሩን ሲረግም የሚውልበት ጊዜ አለ። የድሮው ክብ መሰኪያ ከሆነ ደግሞ ቮልቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፤ የመሰኪያው ውፍረትም መግጠም አለበት።

ማውስም በሁለቱም ቦታ ይኑርሽ። በትንሿ ዩኤስቢ ተቀባይ የሚሠራ ከሆነ ተቀባይዋ ላፕቶፑ ላይ ተሰክታ ትሄድና ማውሱ ብቻውን ይቀራል፤ በብሉቱዝ የሚሠራው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። የንባብ መነጽርሽን፣ የጆሮ ማዳመጫሽን፣ አንድ እስክሪብቶና ማስታወሻ ደብተር እንዲሁ አድርጊ።

ሁለት ሊሆኑ የማይችሉት ላፕቶፑ፣ ካርዱ፣ የሥራ ስልክሽና ቁልፍሽ ናቸው። የእነዚህ ሕግ አንድ ነው፦ ወይ እጅሽ ላይ፣ ወይ ቦርሳው ውስጥ። «ለጊዜው እዚህ ላስቀምጠው» የሚባል ሦስተኛ ቦታ የለም። አልጋ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ኮት ኪስ ውስጥ ለጊዜው የተቀመጠ ዕቃ ነው የሚቀረው። ቦርሳም አንድ ብቻ ይሁን። ልብስሽን ተከትለሽ ቦርሳ የምትቀይሪ ከሆነ ትንንሾቹን ዕቃዎች በአንዲት ባለዚፕ ከረጢት ሰብስቢያቸውና ከረጢቷን ብቻ አዘዋውሪ፤ ያለዚያ ካርዱ የትናንቱ ቦርሳ ውስጥ ያድራል።

ቦርሳው ማታ ይዘጋጅ። ጠዋት የምትጣደፊበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ላይ ትናንት ያደረግሽውን ዛሬ ያደረግሽው ይመስልሻል። በየቀኑ የሚደጋገም ነገር ትዝታው ይደራረባል፤ «ካርዱን ስከት ትዝ ይለኛል» የምትይው የማክሰኞውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አታስቢው፣ ንኪው። ከመውጣትሽ በፊት አራቱን በእጅሽ እየነካሽ በድምፅ ጥሪያቸው፦ ላፕቶፕ፣ ካርድ፣ ስልክ፣ ቁልፍ። ሰው ቢስቅብሽም ግድ አይስጥሽ፤ የጃፓን ባቡር ነጂዎች ምልክቱን በጣታቸው እየጠቆሙ ጮክ ብለው የሚጠሩት በልማድ አይተው እንዳያልፉት ነው። እየቆጠርሽ ስልክ ቢጠራ ወይም ሰው ቢያናግርሽ ካቆምሽበት አትቀጥዪ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ሐሳብሽ የሚሰረቀው እዚያች ላይ ነው።

ማታ ሊከተት የማይችል ዕቃ ይኖራል፦ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ምሳ ዕቃ። ለዚህ የሚያዋጣው ያለ እሱ መውጣት የማትችዪውን ነገር አብሮት ማስቀመጥ ነው። የቤቱን ቁልፍ ምሳ ዕቃው ላይ ካደረግሽው ፍሪጁን ሳትከፍቺ በሩን አትቆልፊም። በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ግን አልመክርሽም፤ ሦስት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ዓይን ይለምደውና ግድግዳ ይሆናል።

ከቢሮ ወደ ቤት ያለው ጉዞ ይብሳል። ጠዋት ካርድ ከረሳሽ በሩ ራሱ ያቆምሻል፤ ማታ ግን የሚያቆምሽ የለም፣ ላፕቶፑ አለመኖሩን የምታውቂው ቤት ገብተሽ ልትሠሪ ስትቀመጪ ነው። የስልክ ማንቂያ የምትሞዪ ከሆነ ከመውጫሽ አሥር ደቂቃ ቀድሞ፣ ገና ጠረጴዛሽ ጋ ሳለሽ ይጩኽ። «ከቢሮ ስትወጪ» ተብሎ በቦታ የሚሞላው ማሳሰቢያ ብዙውን ጊዜ ከሕንፃው ከራቅሽ በኋላ ነው የሚነቃው። የመጨረሻው ስብሰባ ሌላ ክፍል ከሆነ ቦርሳሽን ይዘሽ ግቢ፤ ኬብልና አዳፕተር የሚቀሩት ስብሰባ ክፍል ነው። ከመኪና ስትወርጂም ሁለት እርምጃ ሳትሄጂ ዞረሽ ወንበሩን እዪ።

በብሉቱዝ የሚከታተል ትንሽ መሣሪያ ቁልፍሽ ላይ ብታንጠለጥዪ ጥሩ ነው፤ ትተሽው ስትርቂ ስልክሽን የሚያስጮኸውን ምረጪ። ብዙዎቹ የሚሠሩት ሲአር 2032 በተባለው ክብ ባትሪ ነው። ሕፃናት እንዳይውጡት መራራ ነገር የተቀባው ባትሪ አንዳንዱ መሣሪያ ላይ አይሠራም፤ አዲስ ባትሪ ገብቶ ዝም ካለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሪ። የመግቢያ ካርዱን ደግሞ ጠጋ በማድረግ ብቻ ከሚሠራ ሌላ ካርድ ጋር ደርበሽ አትያዢ፤ ሁለቱ እኩል ሲመልሱ በሩ ላይ ያለው የካርድ ማንበቢያ ይደናገርና ካርድሽ የተበላሸ ይመስልሻል። ጥቁር መስመር ያለበት ካርድ ከሆነ ከማግኔት አርቂው። የቤትሽን አድራሻ ቁልፉ ላይ መጻፍ ግን ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ስልክሽ ቤት ቢቀር የማረጋገጫ ኮድ ስለማይደርስሽ ሥራ ይቆማል። የድርጅቱ አሠራር ከፈቀደ የመጠባበቂያ ኮዶችን አስቀድመሽ አውጪና በወረቀት አትመሽ የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪ፤ ላፕቶፑ ያለበት ቦርሳ ውስጥ ግን በፍጹም። እያንዳንዱ ኮድ የሚሠራው አንዴ ብቻ ስለሆነ የተጠቀምሽበትን ሰርዢው። ፋይልም እንደ ዕቃ ይረሳል፦ ላፕቶፑን ቶሎ ከዘጋሽው ሰነዱ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔቱ ማከማቻ ሳይወጣ ይቋረጣል፣ በማግስቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚጠብቅሽ የጠዋቱ ቅጂ ይሆናል። ምልክቱ መጨረሱን እስኪያሳይ አንድ ደቂቃ ታገሺ። በባልደረባ ካርድ መግባት ወይም በሰው የይለፍ ቃል መሥራት ግን ከመርሳቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል፤ ለጥበቃው ነግረሽ የቀን ካርድ ጠይቂ።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል። ባለፈው ስትመጪ የተውሽው ጃንጥላ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ እሱን እዚሁ ተዪው፣ ለዚያኛው ቤት ሌላ ግዢ።

እናትሽ