የባከነው ሰዓት ይቆጠር

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በደካማ መምህር ላይ የሚያቀርቡት አቤቱታ ብዙ ጊዜ ሰሚ የሚያጣው ከአጻጻፉ ነው። «ማስተማር አይችልም» የሚል ደብዳቤ ትምህርት ክፍሉ ዘንድ ሲደርስ መምህሩ «እነሱ መቼ ያነባሉ!» ይላል፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ሰዓት ግን አይስተባበልም።

ባለ 3 ክሬዲት ሰዓት ኮርስ በ16 ሳምንት ሴሚስተር 48 የክፍል ሰዓት አለው። የክፍል ተጠሪው ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቶ ደብተር ይያዝ፦ «ማክሰኞ፣ 2፡25 ገባ፣ 3፡00 ወጣ፣ ከስላይድ 14 እስከ 31 ተነበበ፣ ምሳሌ አልተሠራም።» ሜክአፕ (የማካካሻ ክፍለ ጊዜ) ከተሰጠም ይጻፍ፤ እሱን የደበቀ መዝገብ በአንድ ጥያቄ ይፈርሳል። በ6ኛው ሳምንት ኮርስ አውትላይኑን አያይዞ «18 ሰዓት መማር ሲገባን የተማርነው 7 ነው፣ ከምዕራፍ 1 አልወጣንም፣ የኩዊዙ ወረቀት አልተመለሰልንም» የሚል አንድ ገጽ ይበቃል። ፋይናል ሲደርስ የሚቀርብ አቤቱታ ለዚያ ክፍል አይጠቅምም። የሴሚስተር መጨረሻው የመምህር ግምገማም የሚደርሰው ለቀጣዩ ባች ነው፤ እሱንም ተማሪው ሳያነብ በጥድፊያ ሞልቶ ይወጣል።

በቅድሚያ ግን መምህሩን ራሱን ማነጋገር ይገባል። በክፍል ፊት ሳይሆን ሁለት ሦስት ሆኖ ቢሮው ድረስ ሄዶ። «አልገባንም» ከማለት «ምዕራፍ 2 ላይ ያለውን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ይሥሩልን» ማለት ይሻላል። አዲስ የተቀጠረ መምህር ስላይድ ላይ የሚያፈጠው ብዙ ጊዜ ከስንፍና ሳይሆን ከፍርሃት ነው።

ካልተሻሻለ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ ዲኑ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በተማሪው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይደረግበት፤ በቃል የተነገረ አቤቱታ ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ፊርማው የብዙ ተማሪ ይሁን። ሁለት ሰው ብቻ ፈርሞ ሲሄድ «ግሬድ ላይ ይበቀለናል» የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ስለዚህ የተመለሰ ሚድና አሳይንመንት ሁሉ ፎቶ ይነሳ። የግሬድ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው፤ ቀነ ገደቡን ከዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ላይ ውጤት ከመለጠፉ በፊት ማየት ነው።

አቤቱታው እስኪታይ ትምህርቱ አይጠብቅም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ ተመራቂ ዲግሪውን አይወስድም፤ ፈተናው መምህሩ ያልነካውን ምዕራፍም ይጠይቃል። አራት አምስት ሆኖ ምዕራፎቹን መከፋፈል፣ ከሲኒየሮች ሃንድአውትና የቆዩ ፈተናዎችን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ያንኑ ኮርስ ለሌላ ሴክሽን የሚሰጥ ጎበዝ መምህር ካለም ፈቃድ ጠይቆ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ይቻላል።

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር
አዲስ አበባ