የጤና ሰርተፊኬት ብቻውን ዓሣ አያስገባም

ክቡር አዘጋጅ፣

በንግድ ዓምዳችሁ የቀዘቀዘ ዓሣና ሽሪምፕ ወደ አውሮፓ ኅብረት ስለማስገባት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ከትንሽ ሱቅ አልፈው ወደ ጅምላ ንግድ እንዲገቡ ማበረታታታችሁ መልካም ነው። ነገር ግን «የላኪው አገር የጤና ሰርተፊኬት ካለ ዕቃው ይገባል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰው ያከስራል። ወደዚህ ንግድ የሚገባው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የዕቁብና የቤተሰብ መዋጮ ነውና እርማት ብታወጡልን እንወዳለን።

ከሰርተፊኬቱ በፊት ሁለት ዝርዝሮች አሉ። አንደኛው የአገሮች ነው፤ ላኪው አገር ለዚያው ዓይነት ምርት ኅብረቱ የተቀበለው መሆን አለበት። በማስገር የተገኘና በኩሬ የረባ ዓሣ ለየብቻ ይታያሉ። ሁለተኛው የድርጅቶች ነው፤ ዓሣውን ያዘጋጀው ፋብሪካ፣ ቀዝቃዛ መጋዘኑ፣ ባሕር ላይ ያቀዘቀዘው መርከብ ሳይቀር የፈቃድ ቁጥሩ በዝርዝሩ ላይ መገኘት አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ላኪው ፈቃድ ያለው ይሆንና ትዕዛዝ ሲበዛበት ከጎረቤት ፋብሪካ ገዝቶ ይሞላል። ሰርተፊኬቱ የእሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ካርቶኑ ላይ ግን የጎረቤቱ ቁጥር ታትሟል። ዓሣው ምንም ባይሆንም ዕቃው አይገባም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት የታተመውን ካርቶን ፎቶ አስልኮ ቁጥሩን ከኅብረቱ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

የሰርተፊኬቱ ቀን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ዕቃው ከላኪው አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እጅ ከመውጣቱ በፊት መፈረም አለበት። «መርከቡ ይነሳ፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» የሚል ላኪ ካጋጠማችሁ ጭነቱን አስቁሙ። የካርቶን ብዛት፣ የተጣራ ክብደት፣ የኮንቴይነርና በበሩ ላይ የሚታሰረው ማኅተም (ሲል) ቁጥር በሰርተፊኬቱ፣ በኢንቮይሱና በፓኪንግ ሊስቱ ላይ አንድ መሆን አለባቸው። ረቂቁን ከመፈረሙ በፊት የሚያነብ ትራንዚተር መያዝ ርካሹ መድን ነው።

በባሕር የተሰገረ ከሆነ ደግሞ የማስገር ሰርተፊኬት ይጨመራል። ሕገ ወጥ ማስገርን ለመከላከል የወጣው ይህ ደንብ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል። ሰርተፊኬቱን የሚያጸድቀው መርከቡ የተመዘገበበት አገር ነው እንጂ ዓሣው የተራገፈበት ወደብ አይደለም። በባሕር ለሚመጣ ዕቃ በመደበኛው አሠራር ከመድረሱ ሦስት የሥራ ቀን በፊት ይቀርባል። ዓሣው በሌላ አገር ፋብሪካ ተቆራርጦ ከሆነ የዚያ ፋብሪካ መግለጫም ይታከላል። ከሐይቅ የሚወጣ ዓሣ፣ ለምሳሌ እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ፣ እንዲሁም ከጫጩትነቱ ጀምሮ በኩሬ ያደገ ሽሪምፕ ይህ አይጠየቅበትም። ካምቦዲያና ካሜሩን ቀይ ካርድ፣ ማለትም ሕገ ወጥ ማስገርን አይከላከሉም ተብሎ የተጣለ የኅብረቱ እገዳ፣ ስላለባቸው በእነሱ ባንዲራ ሥር የተሰገረ የባሕር ዓሣ በምንም ወረቀት አይገባም።

ጭነቱ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ ሪፈር ኮንቴይነር (ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር) ቅዝቃዜን ይጠብቃል እንጂ ዓሣ አያቀዘቅዝም። ዓሣው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ደርሶ መግባት አለበት፤ በጉዞ ላይ የሚፈቀደው ለአጭር ጊዜ እስከ 3 ዲግሪ ከፍ ማለት ብቻ ነው። የአየር ማስገቢያው ይዘጋል፤ ካርቶን በኮንቴይነሩ ውስጥ የጭነት ከፍታ ወሰን ከሚያሳየው ቀይ መስመር በላይ አይደረደርም፣ አየሩ መዞሪያ ያጣልና። በማዘዣው ላይ የመቀነስ ምልክቷ ተረስታ 18 ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ወደብ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው።

ከመድረሱ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን በፊት ትሬስስ በሚባለው የኅብረቱ ሥርዓት ማስታወቂያ ይሞላል። ከዚያ በድንበር ቁጥጥር ጣቢያው መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ዕቃውና ወረቀቱ መገጣጠማቸው፣ አስፈላጊ ሲሆንም ዓሣው ራሱ ይታያል። ተቆጣጣሪው ከበሩ አጠገብ ያለውን ካርቶን ትቶ ከመሀል ያስወጣል፤ በረዶውን ዓሣ በመሰርሰሪያ ይበሳና ቴርሞሜትሩን እስከ መሀሉ ይከታል። የካርቶኑ ውስጥ ግድግዳ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ካየ ዓሣው ሟሙቶ እንደገና መቀዝቀዙን ይጠረጥራል።

ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ከሄደ ቁጥሮቹ ድርድር አያውቁም። በቱና ላይ ዘጠኝ ናሙና ለሂስታሚን፣ በዓሣ ውስጥ ለሚፈጠር መርዛማ ንጥረ ነገር፣ ይመረመራል፤ አማካዩ በኪሎ ከ100 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፣ በ100 እና በ200 መካከል የሚፈቀደው ለሁለቱ ብቻ ነው፣ ከ200 የሚያልፍ አንድም አይፈቀድም። ሂስታሚን የሚፈጠረው ዓሣው ተይዞ በፍጥነት ሳይቀዘቅዝ ሲቀር ነው፤ ከተፈጠረ በኋላ ማቀዝቀዝም መቀቀልም አያጠፋውም። በቱና ውስጥ ሜርኩሪ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም አይበልጥም። በረባ ሽሪምፕ ላይ ክሎራምፌኒኮልና ናይትሮፉራን የተባሉት መድኃኒቶች ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው። ሽሪምፕ እንዳይጠቁር የሚደረግበት ሰልፋይትም ገደብ አለው፤ በኪሎ ከ10 ሚሊግራም ካለፈ አለርጂ ስለሚያስነሳ በመለያው ላይ መጻፍ አለበት።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው የበረዶ ሽፋን ጉዳይ ነው፤ ገዥውም አስመጪውም የሚጎዳው በዚህ ነው። ሽሪምፕ እንዳይደርቅ በቀጭን በረዶ ይለበጣል፣ ይህ ተገቢ ነው። ሕጉ ግን የተጣራ ክብደት ሲል ያለ በረዶው ነው። የአንድ ኪሎ ከረጢት 20 በመቶው በረዶ ከሆነ መጻፍ ያለበት 800 ግራም ነው። በኪሎ 6 ዩሮ የተባለው ዋጋ ለዓሣው ሲሰላ 7 ዩሮ ከ50 ይሆናል። ስለዚህ ውሉ ላይ ዋጋው «ያለ በረዶ በተጣራ ኪሎ» ተብሎ ይጻፍ። ማረጋገጡ ቀላል ነው፦ መዝኖ፣ የላዩ በረዶ እስኪለቅ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ቶሎ አድርቆ እንደገና መመዘን።

ለሽያጭ ሲቀርብ መለያው በሚሸጥበት አገር ቋንቋ ሆኖ የንግድና የሳይንስ ስሙን፣ የተሰገረ ወይም የረባ መሆኑን፣ የተገኘበትን ቦታ፣ ለተሰገረው የማስገሪያውን ዓይነት፣ ላልተዘጋጀ የቀዘቀዘ ዓሣ የቀዘቀዘበትን ቀን ይዞ ይገኛል።

ዕቃው ውድቅ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ ከኅብረቱ ይወጣል ወይም ይወገዳል፤ ተቆጣጣሪው የሚፈቅድ ከሆነ ደንቡን እንዲያሟላ ልዩ ማስተካከያ ይደረግበታል። የማከማቻውም የማስወገጃውም ወጪ በአስመጪው ላይ ነው፣ ዲመሬጁም (ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ከቀኑ በላይ ሲቆይ የሚከፈለው) በየቀኑ ይቆጥራል።

አንድ ነገር እንጨምር። መንገደኛ ለራሱ ምግብ እስከ 20 ኪሎ ዓሣ በሻንጣ መያዝ እንደሚችል አይተው «ለሱቅም እንዲሁ ነው» የሚሉ አሉ። ፈቃዱ ለግል ምግብ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሻንጣ አንዲት ቁራጭ መሸጥ አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር፣
በሮተርዳም የቀዘቀዘ ዓሣ አስመጪዎችና ትራንዚተሮች