ሻኛ ያለው በሬ፣ በጣትሽ ልክ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ ደህና ነው? ማሙሽን ሳሉ ለቀቀው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ጉልበቴም ሻል ብሎታል።

ይህ ደብዳቤ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይደርስሻል። የጎረቤታችን ልጅ ሐሙስ ትበራለች። አሜሪካ፣ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ አደርሳለሁ ብላኛለች። በርበሬውና ሽሮው ከታች ነው። ከላይ በነጭ ነጠላ የጠቀለልኩትን ግን ማሙሽ ሳያይ ለብቻሽ ክፈቺው። ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚያዝ አስቀድሜ ልንገርሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ሁልጊዜ ወይ ሥራ ልትገቢ ነው፣ ወይ ልጁን ልታስተኚ ነው።

ነገሩ የጀመረው በዚያ ፎቶ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስንደዋወል ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ለማሙሽ አሳየሁት አይደል? አባትሽ መንዝ ሄዶ ያነሳውን፣ የአጎትሽ በሬዎች ያሉበትን። "ይሄ ምንድን ነው?" ስለው ጣቱን ስልኩ ላይ ደቅኖ "ካሜል!" አለ። አንቺም ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም እኮ። ሻኛ አየ። እሱ በሚያያቸው ሥዕሎች ላይ ጀርባው ጉብ ያለ እንስሳ ግመል ብቻ ነው። ላሞቹ ሁሉ ጀርባቸው ሜዳ ነው። ታዲያ የኛን በሬ ከየት ይወቀው?

የሚሸጥ የእርሻ መጫወቻ ሞልቷል። እዚህም አይቻለሁ። ቀይ ቤት፣ ሮዝ አሳማ፣ ነጭና ጥቁር ላም። ምንም አይልም፤ ያም የሰው አገር እርሻ ነው። የአባትሽ አገር እርሻ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ራሴ በክር ሠራሁት፤ የሚዘረጋ የእርሻ ምንጣፍና ጣት ላይ የሚጠለቁ እንስሳት። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ኪሮሽ የያዝኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው። ያደግሽበት ቤት ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ቡፌው ሁሉ ዳንቴል ለብሶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ግን ዳንቴል ጠፍጣፋ ነው። ቆሞ የሚሄድ እንስሳ በኪሮሽ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ያቺው የጎረቤት ልጅ ናት በስልኳ ያሳየችኝ። ጃፓኖች አሚጉሩሚ ይሉታል። ነገሩ ሁሉ እየዞሩ መሥራት ነው። ክሩን ቀለበት አድርጌ 6 ጊዜ እጠልፍበታለሁ። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዷ ላይ ሁለት ሁለት ስጠልፍ 12 ይሆናል። ከዚያ ሳልጨምር ወደ ላይ እየዞርኩ ከሄድኩ ቱቦ ይወጣዋል፤ ጣት የሚገባበት። ለአውራ ጣት 15 አደረግሁት። የጣትሽን ልክ ከየት እንዳመጣሁ ብትጠይቂኝ፣ ከራሴ ነው። እጃችን አንድ ነው። የጋብቻ ቀለበቴን ስትለኪው ልክሽ ሆኖ አልነበር?

ክሩ አስቸግሮኛል። መጀመሪያ የገዛሁት ሱፍ የሚሉት ነበር፤ ነገሩ አክሪሊክ ነው። ለሹራብ ጥሩ ነው። ሕፃን አፉ ውስጥ ሲከተው ግን ጸጉሩ ይነሳል። እንደገና መርካቶ ወርጄ የጥጥ ክር ገዛሁ። ቀዩን በሙቅ ውሃ ነክሬ በነጭ ጨርቅ ብጠቀልለው ጨርቁ ሮዝ ሆነ። እሱን ተውኩት። አውራ ዶሮው አናት ላይ ያለው ቀይ ሌላ ክር ነው፤ ሦስት ጊዜ አጥቤ ያረጋገጥኩት።

ኪሮሹንም ሆን ብዬ ቀጠን ያለውን፣ 2.5 ሚሊ ሜትሩን ያዝኩ። ወፍራም ኪሮሽ ሥራውን ያፈጥናል፤ ግን ላላ ይላል። ሲላላ ውስጡ የተሞላው ነገር በቀዳዳው ይታያል። ሕፃን ደግሞ ቀዳዳ ካየ ቆፍሮ ያወጣዋል። የመጀመሪያዋን በግ በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተርትሬ እንደገና ሠርቻታለሁ።

አሁን ነጠላውን ፍቺና ምንጣፉን ዘርጊው። 45 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው። ቡናማው እርሻው ነው። እጅሽን አሳልፊበት፤ ትልሙ ይሰማሻል። በሚጠለፍበት ጊዜ ሁለቱንም ክር ሳይሆን የኋላውን ብቻ እየያዙ ከሄዱ የፊተኛው እየተነሳ መስመር መስመር ይሠራል። ይህ ሲወጣልኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። የእውነት የታረሰ መሬት ነው የሚመስለው። ከጎኑ ያለው ቢጫ ገብስ ነው። የአባትሽ መንደር ብርዳም ደጋ ስለሆነ ገብስ ነው የሚዘራው። ሰማያዊው ወንዝ ነው። ጥግ ላይ ያለው ጎጆ ክዳኑ ይነሳል፤ ውስጡ ኪስ ነው፣ እንስሳቱ ሲመሽ ይገቡበታል። በረቱ በር አለው፤ ቁልፉን ከክር ሠርቼ ተለቅ አድርጌዋለሁ። ማሙሽ ማስገባትና ማውጣት ይለማመድበት። ጣቱ ሲጠነክር የሸሚዙንም ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል።

ዶሮዋ ቆጥ ላይ ናት። ከሥሯ ሦስት እንቁላል አለ። የሀበሻ እንቁላል አላደረግኳቸውም፤ የፈረንጁን ያህል አተልቄአቸዋለሁ። ምክንያት አለኝ። እናንተ አገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሸጥ መጫወቻ ሕግ አለው። ስፋቷ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነች የመለኪያ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር አይፈቀድም፤ ያንቃል። እኔ ያቺ መለኪያ ስለሌለችኝ በሶፍት ጥቅል መሃል ባለው ካርቶን ለካሁ። ካርቶኑ ከመለኪያዋ ሰፋ ስለሚል በሱ ውስጥ ካላለፈ ልቤ ያርፋል። እንቁላሎቹ ሲጨመቁም እንዳያልፉ ጠጠር አድርጌ ሞልቻቸዋለሁ።

አሁን ወደ በሬዎቹ እንምጣ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዳለቻ። ሻኛውን ለብቻው ሠርቼ ነው የሰፋሁት፣ ከአንገቱ ኋላ፣ ቀንበር ከሚያርፍበት ቦታ ልክ ኋላ። መጀመሪያ መሃል ጀርባው ላይ አድርጌው ነበርና እውነትም ግመል መሰለ። ፈትቼ ወደ ፊት አመጣሁት። ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ አጠገቤ አስቀምጬ ነው የሠራሁት። የቀዩን የግራ ቀንዱን እይው፤ ወደ ታች ዘመም ይላል። የአጎትሽ በሬ እንደዚያ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ቀንበሩ ነው። ከእንጨት ላደርገው አስቤ ነበር፤ ዓይን ይወጋል ብዬ ተውኩት።

በሬዎቹን በቀኝ እጅሽ አድርጊ። ቀዩ በሌባ ጣትሽ፣ ዳለቻው በመሃል ጣትሽ። ገበሬው በአውራ ጣትሽ ላይ ይገባል፤ ከኋላቸው ሆኖ ይነዳቸዋል። እጅሽን በትልሙ ላይ ስታስኬጂው ጥማድ በሬ ያርሳል። መጀመሪያ ሳደርገው አባትሽ ትዝ አለኝና ትንሽ አለቀስኩ። ከተማ ገብቶ ስንት ዓመት ኖሮ እንኳን ስለ በሬ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

ግራ እጅሽ ደግሞ ደጁ ነው። አውራ ዶሮው ለአውራ ጣት ነው፤ ስሙ ራሱ ይነግርሻል። ውሻው ለሌባ ጣት ነው፤ ሌባ ይጠብቃል። በጉ መሃል ላይ፣ አህያዋ ከሱ ቀጥላ፣ ጫጩቷ በትንሿ ጣትሽ። ስለ አህያዋ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጆሮዋ ትንሽ በዝቶባታል።

በጉን ግን ልብ ብለሽ እይው፤ የመንዝ በግ ነው። የመንዝ በግ ለብርዱ ጸጉሩ ረጅም ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ባና ይሸመንበታል። አባትሽ ልጅ ሆኖ የተኛው ከዚያ ባና ሥር ነው። ጸጉሩን ለማምጣት በአንድ ቀዳዳ ውስጥ 5 ጊዜ ጀምሬ ሁሉንም በአንድ ላይ ዘጋሁት። እንደዚያ ሲደረግ ጉብ ጉብ ይላል። ክሩን ቀለበት ቀለበት አድርጎ መተው ይቀል ነበር፤ ግን የሕፃን ጣት ቀለበት ውስጥ ገብቶ ከተጠመዘዘ ደም ያግዳል። ጅራቱንም እዪው፤ ላት ነው። እዚያ በሥዕል የሚታየው በግ ጅራቱ ቀጭን ነው። ማሙሽ ላት የሚባል ነገር መኖሩን ይወቅ።

ዓይኖቻቸው በሙሉ በክር የተጠለፉ ናቸው። የሚሸጡ የፕላስቲክ ዓይኖች አሉ፤ ከኋላ የሚቆለፉ። ያምራሉ። ግን ጥርስ የሚያበቅል ልጅ የማይነቅለው ነገር የለም። የአሻንጉሊቶቹን ውስጥም ገልብጠሽ እይው፤ የተንጠለጠለ ክር የለም። ጫፉን ሁሉ ወደ ውስጥ መልሼ ቀብሬዋለሁ።

አንድ ነገር አደራ። የጣቶቹን እንስሳት ለብቻው አትስጪው። ትንንሽና ለስላሳ ስለሆኑ ሲጨመቁ በሶፍት ካርቶኑ ያልፋሉ፤ ሞክሬዋለሁ። ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ለሱ የሚሆኑት ላሟና ጥጃዋ ናቸው፤ ተለቅ ያሉት፣ የሚታቀፉት። የጣቶቹ ያንቺ ናቸው። ባንቺ ልክ የሠራኋቸውም ለዚህ ነው። አንቺ ካልያዝሻቸው አይንቀሳቀሱም።

ልጄ፣ አማርኛ አስተምሪው ብዬ አላስጨንቅሽም። ደክሞሽ እንደምትገቢ አውቃለሁ። አንቺም በስልክ "እማ፣ ይገባዋል እኮ፣ መመለስ ነው ያስቸገረው" ትይኛለሽ። አምንሻለሁ። የምለምንሽ ሌላ ነው። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ከመተኛቱ በፊት፣ እነዚህን ጣቶችሽ ላይ አድርጊ። በሬው ሲናገር በአማርኛ ይናገር። ዶሮዋ ታስካካ። ላሟ እምቧ ትበል። ሳታርሚው፣ ሳትጠይቂው፣ ዝም ብለሽ ተጫወቺ። ቀንበር፣ ትልም፣ በረት፣ ቆጥ፣ ላት የሚሉት ቃላት እዚያ በሌላ መንገድ አይደርሱትም። በጨዋታ መሃል ግን ይገባሉ።

ኩኩሉን ታስታውሻለሽ? ግቢ ውስጥ ከነማን ጋር እንደምትጫወቺ አሁንም ይታየኛል። በዚህም ይሆናል። እንስሳቱን ጎጆው ውስጥ ደብቂ። አውራ ዶሮው በአውራ ጣትሽ ላይ ቆሞ "ኩኩሉ!" ይበል። ከጎጆው ውስጥ ድምፅሽን ቀይረሽ "አልነጋም!" በይ። ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጊና "ነጋ!" ስትይ ክዳኑን እሱ ያንሳው። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ አሥራ አንድ ጊዜ አስደገመችኝ። በሚቀጥለው ቀን የቤቴን በር ከፍታ ገብታ "ኩኩሉ" አለችኝ።

ሲቆሽሽ በእጅ እጠቢው፣ ለብ ባለ ውሃ። ጭመቂው እንጂ አትጠምዝዢው። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስጥተሽ በደንብ ይድረቅ፤ በተለይ ላሟና እንቁላሎቹ፣ ውስጣቸው ውሃ ይይዛል። ከየቀለሙ ትንሽ ትንሽ ክር በፌስታል አድርጌልሻለሁ፤ ከተበጠሰ መጠገኛ ነው። ኪሮሿንም ጨምሬያለሁ። በልጅነትሽ ሰንሰለት መሥራት አስተምሬሽ ነበር፤ እጅሽ አይረሳውም።

ባልሽም ይጫወት። ገበሬውን ለሱ ስጪው፤ ጣቱ ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ሊጠብበው ይችላል። ካቃተው ልኩን ላኪልኝና ሌላ እሠራለታለሁ።

መጀመሪያ ቀዩን በሬ አሳዪው። ካሜል ካለ ይበል፤ አትቆጪው። ጣቱን ይዘሽ ሻኛውን አስነኪው፣ "ሻኛ" በይው፣ ቀንበሩን አስነኪው፣ ከዚያ እረሱ። ሲያርስ ደውዪልኝና ስልኩን ምንጣፉ ላይ አዙሪልኝ። እናንተ ጋ ማታ ሲሆን እዚህ ሌሊት እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩን ትራሴ ሥር አደርገዋለሁ፤ እነሳለሁ።

እናትሽ